ዓመትህ ሳይሞላ ከሌን ያወለቅኩበት ምክንያት

ሃብትዬ፣

ሰላምታ ባበዛልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ታውቀኛለህ፣ ሆዴ ውስጥ ነገር ካለ ሰላምታ አይወጣልኝም። ከተለየኸን ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም፤ ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የእብድ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ያስቸኮለኝ የጎረቤታችን የአቦይ ገብረመድኅን ሞት ነው። ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ነፍሳቸውን ይማረውና እሳቸው ወሬ አያድርባቸውም። ገና እንደደረሱ አንተን ፈልገው፣ ሚስትህ ዓመትህ ሳይሞላ ከሏን አውልቃ በግራጫ ቀሚስ ከተማውን ትዞራለች ብለው እንደሚነግሩህ አልጠራጠርም። በመስኮታቸው አሾልቀው ሲያዩኝ እኔም አይቻቸዋለሁ። እውነት ነው፣ ጥቁሩን አውልቄዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ከእኔ አፍ ስማ፤ ሰምተህ ስትጨርስ ከፈለግክ ተቆጣኝ።

ቤታችን እንዳለ ነው። አስመራ፣ ያው የጸጸራት ሰፈሩ ቤት፣ ያው በረንዳ፣ ያው እናትህ። ልትጠግነው ብለህ ፈተህ የተውከው የሳሎኑ ማብሪያ ማጥፊያ እስካሁን ሽቦው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። የሰው ቤት መብራት ሲሠራ የኖረ ሰውዬ የራሱን ቤት እንዲህ ትቶ ይሄዳል? ሌላ ኤሌክትሪሺያን ላስጠራ ብል እናትህ አይፋልን፣ በፍጹም አይሆንም አሉ፤ ልጄ የነካውን ማንም አይነካውም ነው ነገሩ። እኛም ሳሎን ውስጥ በዳበሳ እንሄዳለን። እኔ ጠዋት ጠዋት ፓስቲቸሪያው፣ ኬክ ቤቱ ውስጥ እሠራለሁ፣ ከሰዓት ቤት ነኝ። ፍዮሪ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። አንተ ስትሄድ የወንበር እግር ይዛ የምትቆመው ልጅ አሁን ከበረንዳው እስከ አጥሩ በር በሩጫ ነው የምትደርሰው። ከእናትህ ጋር ትግርኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ታወራለች። እኔና አንተ ከነፃነት በኋላ ከአዲስ አበባ ይዘነው የመጣነውን አማርኛ እዚህ ቤት ውስጥ የሚመልስልኝ እሷ ብቻ ናት። ስትቆጣ ግን ሁለቱን ትደባልቀዋለች። ከሥራ ዘግይቼ ስገባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እማ ንዒ እኮ ትለኛለች፤ ነይ እኮ ማለቷ ነው። ብትሰማት በሳቅ ትሞት ነበር። እንዲህ ስል ራሴን ታዘብኩ፤ ይቅር በለኝ።

ነገሬ ስለ ቆዳዋ ነው። ጉንጯ ላይ የነበረችውን ሻካራ ነገር ታስታውሳለህ አይደል? አንተ ጢምህን እያሻሸህባት፣ ነይ የእኔ ብርጭቆ ወረቀት ትላት ነበር። የአስመራ ብርድ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ስታድግ ይለቃታል ብለን ሁለታችንም ተውነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳፋው ውስጥ ቁጭ ታደርጋትና ያን ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ሳሙና እስከ አገጯ ታረፍርፍባት ነበር። ውሃው እንዲሞቅ ትወዳለህ፤ እንደ ዶሮ ልትቀቅላት ነው ወይ ብዬ እጮህብሃለሁ። የአንተም ክርን ያው ነበር። በተለይ ወደ ገጠር ወርደህ አቧራ ጠጥተህ ስትመጣ ያሳክክሃል፣ ደረትህም ሲር ሲር ይላል። በካቻቢቴው እጀታ ክርንህን ስታክ ስንቴ ተጣልተናል!

ከዚያ ለሥራ ወደ ምጽዋ ወረድክ፤ የተሳፈርክበት መኪና ቁልቁለቱን አልጨረሰውም። የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ የማላውቀውን ጭምር ታውቃለህ። ስለሱ መጻፍ አልችልም።

በሠልስትህ ማግስት እናትህ ግቢው ውስጥ ትልቁን ድስት ጣዱ። ከገበያ የመጣ ጥቁር የቀለም ዱቄት በጥብጠው ቀሚሴን ነከሩት፣ ነጠላዬን ነከሩት፣ ሻሼን ነከሩት። የራሳቸውንም እንዲሁ። ፍዮሪን የማዝልበትን ጨርቅ ሳይቀር ከድስቱ ውስጥ በእንጨት ሲያወጡት አየሁ፤ ልጄ የአባቷን ሐዘን በነጭ አትታዘልም አሉ። እህትህ አብረኸት የቢሮ ሰው ናትና ጥቁሯን ከሱቅ ገዝታ ነው የለበሰችው። እኔ ግን የእናትህ ቤት ሰው ነኝ፣ በእናትህ ወግ ከል ገባሁ። ደግሞ ወጉ አንድ ቀን ነክሮ መተው አይደለም። ከል ከገረጣ ሐዘኑ ገረጣ ይባላል ይላሉ። ስለዚህ ለአርባህ፣ ለሰማንያህ፣ ለመንፈቅህ፣ ሰው ከመምጣቱ በፊት ድስቱ ይጣዳል፣ ሁሉም ነገር እንደገና ይነከራል። ከዚያም ሳይለቀለቅ ይደርቃል፤ ውሃ ቀለሙን እንዳይወስደው። አንገቴ ጥቁር፣ ብብቴ ጥቁር፣ አንሶላዬ ጥቁር ነበር። ፓስቲቸሪያው ውስጥ ያሉት ልጆች፣ ኬኩን በማንኪያ ስጪ፣ በእጅሽ አትንኪው ብለው እስኪለምኑኝ ድረስ። እኔ ደግሞ ሐሜትን ፈራሁ። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ሐዘን አታውቅም እንዳይሉኝ ከሁሉም የጠቆርኩት እኔ ነበርኩ።

የፍዮሪ ቆዳ የተነሳው ያኔ ነው። መጀመሪያ ጉንጯና አንገቷ፣ ቀጥሎ የክርኗ እጥፋት፣ ቀጥሎ ከጉልበቷ ጀርባ። ይቀላል፣ ይሻክራል፣ ከዚያ ውሃ እያወጣ ቅርፊት ይሠራል። ትንሽ ሻር ያለ ሲመስለኝ መልሳ ታክከዋለች። በእጇ ስከለክላት በጠረጴዛው ጠርዝ፣ ጠረጴዛውን ስወስድባት በራሷ ጫማ ታክካለች። ጥፍሯን ቆረጥኩ፣ እጇን በካልሲ ሸፈንኩት፤ ካልሲውን በጥርሷ ስባ አወለቀችው። ስታለቅስ አዝላታለሁ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? በዚያው ጨርቅ፣ በዚያው ነጠላ፣ ጉንጯን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እሽሩሩ እላታለሁ። በዚያ ሰሞን ፊቷን ብታየው አታውቃትም ነበር።

ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። እናትህ ዓይነ ሰብ፣ የሰው ዓይን ነው ብለው ጸበል ወሰዷት፤ በዚያ ብርድ ውሃው ሲነካት ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። መጥተው ደግሞ ቅቤ ቀቧት። አንዷ ጎረቤት ወተት ነው አለች፣ ወተት አቆምኩ። ሌላዋ እንቁላል ነው አለች፣ እንቁላል አቆምኩ። ቲማቲም ነው ተባለ፣ እሱንም ተውኩት። ልጄ ዳቦና ሻሂ ብቻ እየቀመሰች የጎኗ አጥንት ይቆጠር ጀመር። አብረኸት ሳሙናው ነው አለችኝ፤ ሳሙናውን ለወጥኩ፣ እውነትም ትንሽ ቀለል አላት፣ ግን አልለቀቃትም። ድመቷን አባረርኩ። ፍራሹን በየቀኑ አውጥቼ ደበደብኩ። ምንጣፉን ጠቅልዬ ለሰው ሰጠሁ። ካጠብኩት በኋላ መልሼ አጥባለሁ፣ ከጠረግኩት በኋላ መልሼ እጠርጋለሁ፤ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ሥራ ቦታ እጄ ኬክ ይጠቀልላል፣ ልቤ ጸጸራት ነው፤ አሁን እያከከች ይሆን፣ አሁን ደምታ ይሆን እላለሁ። ደንበኛ ማኪያቶ ሲያዘኝ ባዶ ሲኒ እሰጠዋለሁ። መቼም አለማባረራቸው ነው የሚገርመው።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልተናገርኩም። ቆዳዋ የሚብስበት ቀን ነበረው። ለአርባህ ባሰባት፣ ለሰማንያህ ባሰባት፣ ለመንፈቅህ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነች፤ አንገቷን ማዞር አቅቷት ነበር። ቤት የሞላው ለቀስተኛ አይቷት አለቀሰ። ልጅቱ የአባቷን ቀን ታውቃለች አሉ። ደምዋ ነግሯት ነው አሉ። እናትህ፣ ዋይ ጓለይ፣ ዋይ ልጄ እያሉ አቅፈዋት ተንሰቀሰቁ። እኔስ? እኔ ሃብትዬ፣ በአንድ በኩል አንጀቴ እየተቆረጠ በሌላ በኩል ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ልታስታውስህ በማይችል ዕድሜዋ ትተሃት ስለሄድክ፣ ቢያንስ ቆዳዋ አልረሳውም ብዬ ተጽናናሁ። ሳስበው አሁን ያንገበግበኛል።

ከመንፈቅህ በኋላ እኔ ራሴ በጉንፋን ወደቅኩ። እንዳይጋባባት ብዬ ፍዮሪን ቃሓውታ፣ አብረኸት ቤት ላክኋት። ድኜ ልወስዳት ስሄድ በሩ ላይ ሮጣ የተቀበለችኝን ልጅ ባየሁ ጊዜ የሌላ ሰው ልጅ መሰለችኝ። ጉንጯ ጠርቷል፣ ክርኗ ደርቋል፣ ካልሲ የለ፣ ማከክ የለ። እያለቀስኩ አዝያት ተመለስኩ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነች። አብረኸት መጥታ አየቻትና፣ ካንቺ ነው አለችኝ፤ ሐዘንሽ ነው፣ እንባሽ ነው የሚገባባት፣ እኔም ጥቁር ለብሻለሁ፣ እኔ ቤት ግን ምንም አልሆነችም አለችኝ። በክፋት አይደለም የተናገረችው፤ እሷም ጨንቋታል። እኔ ግን መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። ካንተ በኋላ የቀረችኝን አንዲት ልጅ የማሳምማት እኔ ነኝ ማለት ነው? ለተወሰኑ ቀናት ላዝላት ፈራሁ። እጇን ስትዘረጋልኝ ወደ ጓዳ እሸሽ ነበር።

እንዲህ ሆኜ መኖር ስላልቻልኩ ፈቃድ ጠይቄ፣ እናትህንም ሳልነግር፣ አዝያት አውቶቡስ ተሳፈርኩና በሰምበል በኩል ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ሸምገል ያለ ሰው ነው። የእኔን ስብርብር ትግርኛ ትንሽ ሰማና ፈገግ ብሎ ወደ አማርኛ ዞረልኝ። ጥርት ያለ አማርኛ ከትልቅ ሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ገና ምን አመማት ሲለኝ እንባዬ ቀደመኝ። ሰውየው አልቸኮለም። ከቤተሰቡ አስም ወይም እንዲህ የሚያሳክከው ሰው አለ ወይ አለኝ። ያንተን ክርንና ደረት ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይህ ችፌ ነው አለኝ፤ ቆዳዋ ሲፈጠር ደረቅና ስስ ነው፣ ይሄን ከአባቷ ወስዳለች፣ ጥፋት የማንም አይደለም፤ ጥያቄው ምን እየቀሰቀሰው ነው የሚለው ነው አለ። ሽታ ያለው ሳሙና፣ የሞቀ ውሃ፣ ላብ፣ ሱፍ፣ አቧራ፣ ደረቅ ብርድ፣ አንዱ ልጅ በዚህ ሌላው በዚያ ይነሳበታል አለ።

ከዚያ የት የት እንደሚወጣባት በጣቱ እየነካ ተመለከተ። አንዴ እሷን ያያል፣ አንዴ እኔን ያያል። እስቲ እዘያት አለኝ። አዘልኳት። ጉንጯ ትከሻዬ ላይ፣ አንገቷ ነጠላዬ ላይ፣ የክርኗና የጉልበቷ እጥፋት በጨርቁ ታስሮ። ሐኪሙ ጥጥ ውሃ ውስጥ ነክሮ ትከሻዬን ጠረገው። ጥጡን ሲያሳየኝ ከሰል መስሏል። ቀጥሎ የፍዮሪን አንገት ጠረገ፤ ያም ጥጥ ጠቆረ። መቼ ነው የተነከረው አለኝ። ለመንፈቁ አልኩት። ከዚያ በፊትስ ሲለኝ፣ ለሰማንያው፣ ለአርባው እያልኩ ቆጠርኩለት። የአብረኸት ጥቁር የሱቅ ነው፣ አይለቅም፤ ደግሞ እሷ አታዝላትም። አየህ፣ ልጅህ ቀንህን አውቃ አልነበረም። በየመታሰቢያህ ቀለሙን እያደስን የምናቃጥላት እኛ ነበርን።

ሐኪሙ ወተቷንም እንቁላሏንም መልሺላት አለኝ፤ በአብዛኛው ልጅ ላይ ጥፋተኛው ምግብ አይደለም፣ በግምት አታስርቢያት ብሎ ተቆጣኝ። በለብታ ውሃ ቶሎ አጥቢያት፣ ሳታሺ አድርቂያት፣ ቆዳዋ ርጥብ እንዳለ ቫዝሊን ቀቢያት፣ ከቆዳዋ ጋር የሚነካካው ሁሉ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ ይሁን አለኝ። ለቀላው ቦታ ቅባት ሰጠኝ። ፈጽሞ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም፣ ይመላለሳል፣ ስታድግ ግን ሊቀልላት ይችላል አለ። የከሉን ነገር እሱ አውልቂው አላለኝም። የሐዘን ነገር ነውና አፍሮ ይመስለኛል፣ ያንን አንቺ ታውቂያለሽ አለኝ።

ቤት ገብቼ መኝታ ቤታችንን ዘጋሁ። ቀሚሱን አወለቅኩት፣ ነጠላውን፣ ሻሹን፣ ማዘያውን። ሰውነቴን ታጠብኩ፤ ውሃው ሦስት ጊዜ ተቀይሮ እንኳ አልጠራም። ግራጫውን የጥጥ ቀሚስ ስለብስ ሁለተኛ የሞትክብኝ መሰለኝ። ይሄን ያህል ወር ሰው ሲያየኝ የእሱ ሚስት ናት የሚለው በዚያ ጥቁር ነበር፤ ካወለቅኩት ምንህ ነኝ አልኩ። ደጋግሜ መልሼ አነሳሁት፣ ደጋግሜ ጣልኩት። በመጨረሻ ፍዮሪ በሩን በእግሯ ስትደበድብ ወጣሁ።

እናትህ በረንዳው ላይ ነበሩ። ከላይ እስከታች አዩኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጥጡን አሳየኋቸው፣ ሐኪሙ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የሰሙኝ አይመስሉም። እኛም በዚህ ነው ያደግነው፣ ማን ሞተ አሉ። አብረኸት ማታውኑ ከቃሓውታ መጣች። ገና ዓመቱ ሳይሞላ፣ ለራስሽ ብለሽ ነው ልጅቱን ምክንያት ያደረግሻት አለችኝ። ሃብትዬ፣ አንደበቴን ታውቀዋለህ፤ ያን ቀን ግን ፍዮሪን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። ሰፈሩም ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ይመልስ ጀመር። ቆዳዋ በአንድ ቀን አልዳነም፤ እኔም ተሳስቼ ቢሆንስ፣ ለከንቱ አዋርጄህ ቢሆንስ እያልኩ ክርኗን በየሰዓቱ ገልጬ አያለሁ። ስቀባት ያንተን ክርን የምቀባ ይመስለኛል፣ እቆጣሃለሁም፤ ከምታወርሳት ነገር ሁሉ ይሄን ትመርጣለህ? ሁለት ሳምንት ሲሞላ ግን ጠራች። ወተቷን ሁለት ሁለት ኩባያ መጠጣት ጀመረች።

ቀሪው ችግር እናትህ ነበሩ። እሳቸው ከላቸውን አላወለቁም፣ አውልቁም አልላቸውም፤ የወለዱት እሳቸው ናቸው። እኔ ሥራ ስሄድ ግን ፍዮሪ ጭናቸው ላይ ነው የምትወጣው። አንድ ቀን ስመለስ አንገቷ በአንድ በኩል ብቻ ቀልቷል። እናትህም አይተውታል። በማግስቱ እጇን ዘርግታ፣ ዓባየይ፣ አያቴ እያለች ስትሮጥባቸው ተነስተው ሸሿት። ልጅቱ በግንባሯ ወንበሩ ላይ ወደቀች፣ እሳቸው ደግሞ ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። እኔ የሸሸሁትን ሽሽት አውቀዋለሁና አንጀቴን በሉኝ። ካንተ ሞት በኋላ ያን ያህል ያዘንኩላቸው ቀን የለም።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሰው ሲመለስ በራችን ላይ ቆመው አየኋቸው። ከላቸው እንዳለ ነው። ከላዩ ግን ለሰርጋችን የለበሱትን ነጭ ነጠላ ከትከሻ እስከ ጉልበታቸው አጣፍተውታል፣ ታጥቦ የሳሳውን። ፍዮሪ ነጩ ላይ ጉንጯን አድርጋ ጀርባቸው ላይ ናት። ሐዘንተኛ በነጭ? ያለፈው ሁሉ ቆም ብሎ አያቸው። አንዷ ልትጠይቃቸው ስትጠጋ፣ እናትህ ቀደም ብለው፣ ጥቁሩ ለልጄ፣ ነጩ ለጓሉ፣ ለልጁ ነው አሏትና ወደ ውስጥ ገቡ። አብረኸት ከዚያ ወዲህ ለራስሽ ብለሽ ነው የሚለውን አልደገመችውም።

አሁንም ግን አልተውኝም። ሙት ዓመትህ እየቀረበ ነው፤ ዘመድ ከከረንም ከደቀምሐረም ይመጣል። አብረኸት ለዚያች ቀን ብቻ መልሰሽ ልበሺው ብላ ትለምነኛለች። አስቤ አስቤ ወስኛለሁ። ከሉን አልጣልኩትም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አለ፣ መቃብርህ ጋ ብቻዬን ስመጣ እለብሰዋለሁ። ወዲህ ስመለስ አወልቀዋለሁ። ስለ ማስታወስ ከሆነ ቃሌን ያዝ፦ ስምህ በዚህ ቤት ሳይጠራ የሚመሽ ቀን አይኖርም። እንዴት ታፏጭ እንደነበር፣ በምን እንደምትናደድ፣ ሽሮ ውስጥ ቃሪያ ካልገባ እንደምታኮርፍ ለልጅህ እነግራታለሁ፣ በእኔና ባንተ አማርኛ። አድጋ ስትሰለቸኝም አላቆምም።

በሙት ዓመትህ ቀን በግራጫው ቀሚሴ ከሰው ሁሉ ፊት እቆማለሁ። ፍዮሪን እጅጌ የሌለው ቀሚስ አለብሳትና አቅፋታለሁ። የልጇን አባት ረሳች የሚል ካለ፣ መጥቶ ካንተ የወረሰችውን፣ አሁን የጠራውን ክንዷን ይይ።

ሚስትህ ጽጌ